ባለቤቱ ማን ነው? አስተዳዳሪውስ? የባሕር ዳርቻ የዕረፍት ቤቶች ኪራይ በአውተር ባንክስ

በማርች 2020 የኮሮና ወረርሽኝ መዛመት ሲጀምር፣ በአሜሪካ ኖርዝ ካሮላይና ግዛት የሚገኘው የዴር ካውንቲ አስተዳደር ወደ ደሴቶቹ በሚያስገቡ ድልድዮችና አውራ ጎዳናዎች ላይ ኬላ አቆመ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በቅድሚያ የታገዱት ጎብኚዎች ነበሩ። ጥቂት ቀናት ቆይቶ ግን እገዳው በካውንቲው ውስጥ ቤት እያላቸው መኖሪያቸው ሌላ ቦታ የሆነ ሰዎችንም አካተተ። የባለቤትነት ሰነድ በእጁ የያዘ፣ የንብረት ግብሩን በየዓመቱ የሚከፍል ሰው ከገዛ ቤቱ ደጃፍ ሳይደርስ ይመለስ ጀመር። ከቨርጂኒያ ግዛት የሆኑ ባልና ሚስት «ንብረታችን ያለ ካሳ ተወስዶብናል» ሲሉ ከሰሱ። የፌዴራሉ አራተኛ ምድብ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤትም በ2023 ክሱን ውድቅ አደረገ፤ 45 ቀናት የቆየው እገዳ ካሳ የሚያስከፍል የንብረት ነጠቃ አይደለም ብሎ ወሰነ።

ከሕግ ጭብጡ ባሻገር ጉዳዩ ያጋለጠው አንድ እውነታ አለ። በእነዚህ ደሴቶች ላይ ብዙ ቤት ያላቸው ሰዎች በዚያ አይኖሩም፤ በዚያ የሚኖሩት ደግሞ ብዙውን ቤት አይዙም። የመምረጥ መብት ያለው አንዱ ወገን ሲሆን የንብረት ግብሩን በብዛት የሚከፍለው ሌላው ነው። «የባሕር ዳርቻው ቤት የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ እንደሚመስለው ቀላል ያልሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

አውተር ባንክስ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳር ዳር የተዘረጋ ቀጭን የአሸዋ ደሴቶች ሰንሰለት ነው። የራይት ወንድማማቾች በ1903 አውሮፕላናቸውን ያበረሩት በዚሁ፣ ኪል ዴቪል ሂልስ በተባለው ቦታ ነበር። ዛሬ የዴር ካውንቲ ቋሚ ነዋሪ 37 ሺህ ገደማ ሲሆን በበጋ ወራት በደሴቶቹ የሚያድረው ሕዝብ ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ይህን ሕዝብ የሚያስተናግደው በዋናነት ሆቴል ሳይሆን በእንጨት ምሰሶዎች ላይ ከፍ ተደርጎ የተሠራ የግል ቤት ነው። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ከአሥር በላይ መኝታ ክፍል፣ የመዋኛ ገንዳና አሳንሰር አላቸው። በመልክ የአንድ ቤተሰብ መኖሪያ ይምሰሉ እንጂ ሲታነጹ ጀምሮ የታሰቡት ለኪራይ ነው።

ባለቤቶቹን ለማወቅ የመጀመሪያው መንገድ የካውንቲው የንብረት መዝገብ ነው፤ ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ ማንም ሊያየው ይችላል። ለተመራማሪ ከስሙ ይልቅ የሚጠቅመው የግብር ማስታወቂያ የሚላክበት አድራሻ ነው። አድራሻው ብዙ ጊዜ የሚያመለክተው በመኪና በአንድ ቀን ሊደረስባቸው የሚችሉ አካባቢዎችን ነው፤ ቨርጂኒያን፣ ሜሪላንድን፣ ፔንሲልቬንያን፣ የዋሽንግተንን ዙሪያ። በስም ረገድ ግን መዝገቡ ያደናግራል። አንዱ ቤት በባልና ሚስት፣ ሌላው በቤተሰብ አደራ፣ ሦስተኛው ኃላፊነቱ በተወሰነ ማኅበር ስም ተመዝግቦ ይገኛል። የማኅበር ስም ያየ ተመራማሪ «ኮርፖሬሽን ገዝቶታል» ብሎ ሊደመድም ይቸኩላል። ከማኅበሩ ጀርባ ያለው ግን ብዙውን ጊዜ ከወላጅ የወረሱትን አንድ ቤት ሳይሸጡ ለመያዝ የተስማሙ እኅትማማቾችና ወንድማማቾች ወይም እንግዳ ገንዳ ውስጥ ቢጎዳ የግል ሀብታቸው እንዳይጠየቅ የፈለጉ ጥንዶች ናቸው። በሌላ በኩል፣ ብዙ ቤት ያለው አንድ ባለሀብት እያንዳንዱን ቤት በተለያየ ማኅበር ስም ቢያስመዘግብ መዝገቡ ብዙ ትንንሽ ባለቤቶች እንዳሉ አድርጎ ያሳያል። ስለዚህ ስሕተቱ በሁለቱም አቅጣጫ ሊሆን ይችላል። የማኅበራትን እውነተኛ ባለቤቶች ለፌዴራል መንግሥት የማሳወቅ ግዴታ በሕግ የተደነገገው በ2021 ሲሆን ሥራ ላይ መዋል የጀመረው በ2024 ነበር፤ በማርች 2025 ግን የገንዘብ ሚኒስቴሩ በአገር ውስጥ የተቋቋሙትን ማኅበራት ከግዴታው ነፃ አደረጋቸው። መረጃው ለሕዝብ እንዲገለጥ መጀመሪያም አልታሰበም ነበር።

ባለቤትነቱ እንዲህ የተበታተነ ሲሆን አስተዳደሩ ግን በጥቂት እጆች የተሰበሰበ ነው። ኢንተርኔት ከመምጣቱ አስቀድሞ ጀምሮ የደሴቶቹን ቤቶች የሚያከራዩት ፈቃድ ያላቸው የሪል እስቴት ወኪሎች ናቸው። ዋጋ የሚተምነው፣ ውል የሚፈርመው፣ ገንዘብ የሚቀበለው፣ ጽዳት የሚያሰማራው፣ የተሰበረ ቧንቧ የሚያስጠግነው ወኪሉ ነው። በልማድ ኪራዩ ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ በመሆኑ፣ በበጋ ቅዳሜ ከጧት እስከ ከሰዓት በኋላ ባሉት ጥቂት ሰዓታት አንሶላው ተቀይሮ፣ ቤቱ ጸድቶ፣ ቁልፉ ለአዲሱ እንግዳ መድረስ አለበት። ይህን ለብዙ መቶ ቤቶች በአንድ ቀን ማከናወን የሚችል ሠራተኛ ያለው ድርጅት በእርግጥም የቤቶቹ አዛዥ ነው። ባለቤቱ ራሱ በቤቱ ሊያርፍ ሲፈልግ ሳምንቱን አስቀድሞ በድርጅቱ የቀን መቁጠሪያ ላይ ማስያዝ ይኖርበታል።

የግዛቲቱ ሕግም ይህን እውነታ ተቀብሎታል። በ1999 የወጣው የኖርዝ ካሮላይና የዕረፍት ቤት ኪራይ ሕግ ከ90 ቀናት በታች ለሆኑ የዕረፍት ኪራዮች የጽሑፍ ውል ይጠይቃል፤ እንግዳው አስቀድሞ የሚከፍለው ገንዘብ በአደራ ሒሳብ እንዲቀመጥ ያዛል፤ ከኪራዩ ከግማሽ ያልበለጠውን ብቻ እንግዳው ከመግባቱ በፊት ለባለቤቱ መስጠት ይፈቅዳል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው የሽያጭ ድንጋጌው ነው። ቤቱ ቢሸጥ አዲሱ ባለቤት ስሙ ከተመዘገበ በኋላ ባሉት 180 ቀናት ውስጥ የሚያበቁትን የኪራይ ውሎች የማክበር ግዴታ አለበት። ገዢው ቤቱን የራሱ ባደረገበት የመጀመሪያ በጋ በማያውቃቸው እንግዶች ተይዞ ሊያገኘው ይችላል ማለት ነው። ባለቤትነት ቢተላለፍም ኪራዩ አይቋረጥም።

የፌዴራሉ የገቢ ግብር ሕግ ደግሞ ሌላ ዓይነት ጥያቄ ያነሣል፤ ቤቱን የሚያንቀሳቅሰው ማን ነው? ባለቤቱ ከ14 ቀናት ወይም ቤቱ ከተከራየባቸው ቀናት አንድ አሥረኛ፣ ከሁለቱ ከሚበልጠው ላቅ ላለ ጊዜ ለራሱ ከተጠቀመበት፣ ቤቱ እንደ መኖሪያ ስለሚቆጠር የኪራይ ወጪው ከኪራይ ገቢው በልጦ ሊቀነስለት አይችልም። የእንግዶች አማካይ ቆይታ ሰባት ቀን ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ደግሞ ሥራው በደንቡ «ኪራይ» መባሉ ቀርቶ እንደ ሌላ ንግድ ይታያል። ያን ጊዜ በሥራው በጉልህ የተሳተፈ ባለቤት ኪሳራውን ከደመወዝ ገቢው ጭምር ሊያቀናንስ ይችላል። ለመሳተፉ ከሚቀርቡት መለኪያዎች አንዱ በዓመት ከ500 ሰዓት በላይ መሥራት ነው፤ ሌላው ከ100 ሰዓት በላይ ሠርቶ፣ ማንም ሌላ ሰው ከእርሱ የበለጠ አለመሥራቱ ነው። ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ የሚከራየው ቤት የሰባቱን ቀን መሥፈርት በትክክል ያሟላል። ሁሉን ነገር ለአስተዳዳሪ ድርጅት የተወው ባለቤት ግን የተሳትፎውን ፈተና ማለፍ ይከብደዋል። በመዝገብ ባለቤት የሆነው ሰው በግብር ዓይን ተመልካች ብቻ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

የባለቤትና የአስተዳዳሪ ልዩነት በምርምር ዘዴ ላይ ቀጥተኛ ውጤት አለው። የዲጂታል ኪራይ ገበያን የሚያጠኑ ብዙዎች መረጃቸውን የሚሰበስቡት በኤርቢኤንቢና በቨርቦ ላይ ከተለጠፉ ማስታወቂያዎች ነው። ከእነዚህ ሁለተኛው በ1995 የጀመረው የባለቤቱን ቀጥተኛ ማከራየት በስሙ ይዞ ነበር። በኒው ዮርክ ከተማ፣ የግዛቲቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ በ2014 ባወጡት ዘገባ፣ ሦስትና ከዚያ በላይ ቤት ያከራዩ የነበሩት ከአከራዮቹ 6 በመቶ ሲሆኑ ከገቢው 37 በመቶ ወስደዋል። በዚያ ከተማ ይህ አኃዝ የተሰበሰበ ንግድን ይጠቁማል። ይኸው መለኪያ ወደ አውተር ባንክስ ቢወሰድ ግን ያስታል። በአንድ «አስተናጋጅ» ስም የተዘረዘሩት መቶዎቹ ቤቶች የመቶዎች ቤተሰቦች ሊሆኑ ይችላሉ፤ ስሙ የአስተዳዳሪው ነውና። ማስታወቂያ ቆጥሮ ስለ ሀብት ክምችት መናገር አይቻልም፤ ስለ ሥልጣን ክምችት ግን ምናልባት ይቻላል።

ይህን ሥልጣን በአገር አቀፍ ደረጃ ለመጠቅለል ተሞክሯል። በ2009 በፖርትላንድ፣ ኦሪገን የተመሠረተው ቫካሳ በየባሕር ዳርቻውና በየተራራው ያሉ የአካባቢ አስተዳዳሪዎችን እየገዛ አደገ። በ2019 የዊንድሃምን የዕረፍት ቤቶች ኪራይ ክፍል በ162 ሚሊዮን ዶላር ለመግዛት ተስማማ፤ በ2021 መጨረሻም አክሲዮኑ ለሕዝብ ገበያ ቀረበ። ሆኖም ቤቶቹ የራሱ አልነበሩም። የነበረው የአስተዳደር ውል ሲሆን ቅር የተሰኘ ባለቤት ውሉን አቋርጦ ወደ ሌላ መሄድ ይችላል። ዋጋ በአልጎሪዝም ከሩቅ ሊተመን ቢችልም የቅዳሜው ጽዳት ከሩቅ አይሠራም። ድርጅቱ በ2025 ከቀድሞ ዋጋው እጅግ ባነሰ ገንዘብ ለካሳጎ ተሸጠ፤ የገዢው አሠራር ፈቃድ እየሰጠ ሥራውን ለአካባቢ ባለንግዶች መተው ነው። ባለቤቶቹ ሲበታተኑ ደካማ ይመስሉ እንጂ ውሉን የማቋረጥ መብታቸው አንድን ግዙፍ ድርጅት ለማናጋት አስተዋጽኦ አድርጓል።

የአካባቢው ነዋሪዎች ኃይል ከዚህ ያነሰ ነው። አስተማሪ፣ ነርስና ምግብ አብሳይ ዓመቱን ሙሉ የሚከራዩት ቤት ለማግኘት ይቸገራሉ፤ በካውንቲው ለአስተማሪዎች ብቻ የሚከራዩ ቤቶች እስከመገንባት የተደረሰውም ለዚህ ነው። ከተሞች ለነዋሪው ለማድላት ቢፈልጉ ፍርድ ቤቶች ያግዷቸዋል። ኒው ኦርሊንስ በመኖሪያ ሰፈሮች የሚያከራየው ነዋሪ ብቻ እንዲሆን ያወጣችው ደንብ በ2022 በፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ተሻረ፤ የሌላ ግዛት ሰውን ይለያል ተብሎ። በዚያው ዓመት ከአውተር ባንክስ በስተደቡብ ያለችው ዊልሚንግተን የኪራይ ፈቃድ በዕጣ የምታድልበት ሥርዓት በግዛቲቱ ሕግ የተከለከለ ምዝገባ ነው ተብሎ ፈረሰ።

በሃተራስ ደሴት በምትገኘው ሮዳንቴ ደግሞ ባሕሩ ራሱ ወደ ቤቶቹ እየገፋ ነው። ከ2020 ወዲህ በደሴቲቱ ከሃያ የሚበልጡ ቤቶች ወደ ውቅያኖስ ወድቀዋል። በ2023 የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ሁለት ቤቶችን ከመውደቃቸው በፊት ገዝቶ አፈረሰ። የቀሩት ሲወድቁ ጣውላውና ሚስማሩ በብዙ ኪሎ ሜትር የባሕር ዳርቻ ላይ ይበተናል። በዚያን ጊዜ የፓርኩ ሠራተኞች ፍርስራሹን እንዲያስነሣ የሚጠይቁት የኪራዩን ድርጅት አይደለም፤ በንብረት መዝገቡ ላይ ስሙ የሰፈረውን ሰው ነው።