ያደረ ጫት

ስለ ጫትና ስለ አእምሮ የተጻፈ ጥናት እጃችሁ ቢገባ ሠንጠረዡን ለጊዜው ዝለሉትና አንዲት ዓረፍተ ነገር ፈልጉ፤ «ትኩስ የጫት ቅጠል ከገበያ ተገዝቶ» የምትለዋን። እኔ ለዓመታት አይጥ የያዝኩ፣ ሳጥን ያጠብኩ የቤተ ሙከራ ረዳት ነኝ። ከእኛ አይውጣ እንጂ ጥናቱ ቆሞ የሚሄደው በዚያች መስመር ነው።

የጫቱ ጉዳይ እንዲህ ነው። ትኩሱ ቅጠል ውስጥ ካቲኖን አለ፤ ምርቃናውን የሚያመጣው በዋናነት እሱ ነው። ቅጠሉ ሲጠወልግና ሲደርቅ ካቲኖን ወደ ካቲን ይለወጣል፤ ካቲን ደግሞ አእምሮ ላይ ያለው ጉልበት ደካማ ነው። ነጋዴው በሙዝ ቅጠል ጠቅልሎ፣ ውሃ አርከፍክፎ፣ የጫት መኪና እንደ እሳት አደጋ የሚያበረው ለጌጥ አይደለም። ኬሚስትሪውን ባይማርም ሰዓቱን ያውቃል።

ፈረንጆቹ ግን ይህን ለማወቅ ብዙ ዘመን ፈጀባቸው (ዓመቶቹ ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር ናቸው)። ተክሉን ሳይንሳዊ ስም የሰጠው የመን ላይ የሞተው ፎርስኮል ነው፤ ሥራው የታተመው በ1775። በ1930 ካቲን ተገኘና ነገሩ ያለቀ መሰለ። ችግሩ፣ በቅጠሉ ውስጥ ያለው የካቲን መጠን ቃሚው የሚሆነውን ሁሉ አያስረዳም። አውሮፓ የሚደርሰው ጫት በአብዛኛው ደርቆ ነበራ! ካቲኖን የተገኘው በ1975 ነው፤ በተባበሩት መንግሥታት የናርኮቲክ ቤተ ሙከራ፣ ከትኩስ ቅጠል። ከፎርስኮል መጽሐፍ ልክ 200 ዓመት ቆይቶ መሆኑ ነው። አወዳይ ላይ አንዲት ሻጭ ብትጠየቅ በአንድ ቀን ያልቅ ነበር።

ከዚያ ፒተር ካሊክስ የሚባል የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ የመድኃኒት ሳይንስ ተመራማሪ መጣ። እሱን የማደንቀው በብልጠቱ ነው፤ ቅጠሉን ትቶ ንጹሑን ካቲኖን ያዘ። በ1980 ባሳተመው ሥራ ካቲኖን የወሰዱ አይጦች አምፌታሚን እንደተሰጣቸው ሁሉ ሲቅበጠበጡ አሳየ። ቀጥሎ ከጥንቸል አእምሮ የተቆረጠ ቁራጭን በጨረር ምልክት የተደረገበት ዶፓሚን አስጠጥቶ ካቲኖን ሲያፈስበት፣ የተከማቸው ዶፓሚን ወጣ። በ1992 የጻፈው ጽሑፍ ርዕስ ካቲኖንን «የተፈጥሮ አምፌታሚን» ይለዋል። በ1994 ደግሞ ከባልደረቦቹ ጋር ስዊዘርላንድ ውስጥ ለ6 ፈቃደኞች ጫት አስቀመና ደማቸውን ለካ። ካቲኖኑ ጫፍ የደረሰው ከሁለት ሰዓት ገደማ በኋላ ነው። በርጫ ላይ ተቀምጦ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያነብ ፈገግ ይላል።

እኛ ግን ከቅጠሉ ጋር ነበርን። ጠዋት እገዛለሁ፤ ቀንበጡን ለቅመን፣ ከትክተን፣ በኤተርና በክሎሮፎርም ጭማቂውን እናወጣለን። አንድ ዓርብ ቅጠሉን ማቀዝቀዣ ከትቼ ሄድኩ፤ ቅዳሜ መብራት ጠፋ። ሰኞ ስመለስ ቅጠሉ ጠቁሯል። የሥራው ቀን ተቆርጦ ስለነበር ዝም ብለን አወጣነው፤ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። አይጦቹ ከተሰጣቸው በኋላ ሳጥኑ ወለል ላይ የተሰመሩትን መስመሮች እያቋረጡ ይሮጣሉ ብዬ መቁጠሪያዬን ይዤ ጠበቅኩ። አንዷ ጥግ ሄዳ ፊቷን በሁለት እጇ አበሰችና ተኛች። ያን ዙር በኋላ ጣልነው፤ ታትሞ ቢሆን ኖሮ «ጫት አያነቃቃም» የሚል ጥናት በስማችን ይኖር ነበር።

ሌላም አለ፤ ይሄኛው ከእጄ ጠረን ነው። በ2014 ሞንትሪያል ያለው የጄፍሪ ሞጊል ቡድን፣ ወንድ ሰው ወይም ወንድ የለበሰው ቲሸርት አጠገባቸው ሲሆን አይጦች እንደሚጨነቁና የሕመም ስሜታቸው እንደሚደበዝዝ አሳተመ። ሴት አጠገባቸው ስትሆን እንደዚያ አይሆኑም። እንግዲህ ጠዋት እኔ፣ ከሰዓት በኋላ የሥራ ባልደረባዬ ብትይዛቸውስ? ወረቀቱ ላይ ማን እንደያዛቸው አይጻፍም።

ከሰኞው ጉድ በኋላ ጫቱን ለምትሸጥልኝ ሴት ነገርኳት። «እትዬ፣ ያደረውን ሰጥቻቸው እምቢ አሉኝ» ስላት ሳቀች። «የኔ ልጅ፣ ያደረ ለፍየል ነው እንጂ!» አለችና ከታች፣ ከጥቅሉ ሆድ፣ ገና ያላበውን እስር መዘዘችልኝ። ከዚያ ወዲህ ከረጢቱ ላይ የተቀነጠሰበትን ሰዓት እጽፋለሁ። ገምጋሚዎች ስለ መጠኑ፣ ስለ አይጦቹ ዘርና ዕድሜ፣ ስለ ስሌቱ ጠይቀውናል፤ ስለዚያ ሰዓት የጠየቀን አንድም የለም። እሷ ግን ሂሳቧን እየተቀበለች ጠየቀችኝ፦

«ለመሆኑ ሻይ ታጠጧቸዋላችሁ?»