ለአሮጌ ሞተር ብስክሌት ካርቡራተር ስለ መምረጥ

ኩራዝ አብርቶ የሚያውቅ ሰው ስለ ካርቡራተር ግማሹን ያውቃል። ክሩ ከመጠን በላይ ሲወጣ ኩራዙ ይጨሳል፤ ግድግዳውም ጥላሸት ይለብሳል። ላምባው በዝቶ አየሩ አነሰ ማለት ነው። ክሩ ሲገባ ደግሞ መብራቱ እየደከመ ሄዶ ይጠፋል። የሞተርም ነገር እንዲሁ ነው። ልዩነቱ፥ ኩራዝ ቢበላሽ ቤት ይጨልማል፤ ሞተር ቢበላሽ ግን ፒስተን ይቀልጣል።

ይህን የምንጽፈው ጭሮ ከተማ፥ ብዙ ሰው ዛሬም አሰበ ተፈሪ በሚላት፥ ማንበብና መጻፍ ልናስተምር ተመድበን ሳለ ከገጠመን ነገር ተነሥተን ነው። የሰፈራችን የከብት ሐኪም ከሐራጅ አንድ አሮጌ ያማሃ ዲቲ 125 ገዛ። ሞተሩ ባለ አንድ ሲሊንደር ነው፤ በአየር የሚቀዘቅዝ ሆኖ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር አብሮ የሚቃጠል ዓይነት ነው። ሁሉ ነገሩ አለ፤ ካርቡራተሩ ግን ተነቅሎ ሄዷል። ሐኪሙ የከብት ክትባት በበረዶ ሣጥን ይዞ ከጭሮ ወደ ደጋው መንደሮች ይወጣል፤ ወደ ሚኤሶ ቆላም ይወርዳል። በእግር ከሄደ በረዶው መንገድ ላይ ይቀልጣል፤ በረዶው ከቀለጠ ክትባቱ ውኃ ነው። ያጠራቀመውን ገንዘብ ደግሞ ሐራጁ ላይ ጨርሶታል። ከእኛ መካከል ሁለታችን ምሕንድስና ስለምንማር «እናንተማ ታውቃላችሁ» አለን። አናውቅም ማለት አሳፈረን።

ለመሆኑ ካርቡራተር ምን ይሠራል? ቤንዚን ብቻውን አይነድም፤ ከአየር ጋር መቀላቀል አለበት። 1 ኪሎ ቤንዚን ተቃጥሎ እንዲያልቅ 15 ኪሎ ገደማ አየር ይፈልጋል። አየር ደግሞ ቀላል ነገር ነው። አንዲት ሊትር ቤንዚን ለማቃጠል ከ11,000 ሊትር ያላነሰ የጭሮ አየር ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ የሚመጥነው በጡጫ የሚያዝ ዕቃ ነው። በመካከሉ ጠባብ ጉሮሮ አለው። ሞተሩ አየር ሲስብ አየሩ በጉሮሮው ሲያልፍ ይፈጥናል፤ ሲፈጥን ግፊቱ ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ቤንዚኑ ከታች ካለው ቋት በትንሽ ቀዳዳ ተስቦ ይረጫል። ሽቶ መርጫ ያየ ሰው ነገሩ አያስቸግረውም። በድሮዎቹ ሞተሮች አየሩ በቤንዚን ላይ እያለፈ ተኑን ብቻ ይዞ ይሄድ ነበር። በዚህ ዓይነት የሚረጨውን በእ.ኤ.አ. 1893 ጀርመን ውስጥ ማይባኽ፥ በዚያው ዓመት ሀንጋሪ ውስጥ ባንኪና ቾንካ ሠሩት።

ቤንዚኑ የሚያልፍባት ቀዳዳ ያላት የናስ ብሎን ጄት ትባላለች። ቁጥር ተቀርጾባታል። ቁጥሩ ሲያንስ የሚያልፈው ቤንዚን ያንሳል። ይህችን ቁጥር ልብ በሉ፥ ኋላ እንመለስባታለን።

ጋራዡ ውስጥ ሦስት ካርቡራተር ቀረበልን። አንዱ ከባለ 250 ሞተር የተነቀለ፥ ጉሮሮው 30 ሚሊ ሜትር የሆነ፥ የሚያብረቀርቅ ነው። ሁለተኛው አዲስ የባጃጅ ካርቡራተር ነው፤ ጭሮ ውስጥ ባጃጅ ስለማይጠፋ ዕቃው በየሱቁ አለ፤ ዋጋውም ደህና ነው። ሦስተኛው ድሬዳዋ ከተገኘ ሌላ የሞተ ዲቲ የወጣ 24 ሚሊ ሜትር ነው፤ የፋብሪካው መጠን እሱ ነው፤ ግን ቆሽሿል፥ አርጅቷል።

እኛ ትልቁን መረጥን። ብዙ አየር ከገባ ብዙ ኃይል ይወጣል ብለን ነው። መካኒኩ፥ ሰው ሁሉ ሐጂ የሚላቸው ሽማግሌ፥ ጁምዓ ሄደው ሳለ እኛው ገጠምነው። ተገፍቶ ተነሣ። ሜዳው ላይ ሲሮጥማ ደስ አለን! ከከተማው ዳር ያለው ዳገት ላይ ደርሰን ጋዝ ስንሰጠው ግን አንድ ጊዜ «ቧ» አለና ዝም አለ። እየገፋን ተመለስን። ሐጂ ደርሰው በር ላይ ቆመው ነበር።

«አቦ፥ ይኼ ጉሮሮ የዝሆን ነው፤ ፍየሏ በየት በኩል ትሳበው?» አሉን።

ማታ ወረቀት ይዘን ስናሰላው ልክ ናቸው። 30 ከ24 በ6 ብቻ የሚበልጥ ይመስላል፤ የክቡ ስፋት ግን ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ነው። ሞተሩ የሚስበው አየር ያው ስለሆነ በሰፊው ጉሮሮ ሲያልፍ ይንቀረፈፋል። ፍጥነቱ ወደ ሁለት ሦስተኛ ይወርዳል፤ ቤንዚኑን የሚስበው ኃይል ደግሞ ከግማሽ በታች ይሆናል። ሞተሩ በኃይል ሲሽከረከር ጉድለቱ አይታይም። ዳገት ላይ ቀስ ብሎ ሲዞር ነው የሚታየው። ምዕራብ ሐረርጌ ደግሞ ዳገት ነው።

ሐጂን ያስቆጣቸው ግን ሌላ ነገር ነበር። «ዘይቱስ?» አሉ። የዲቲ የጋዝ ገመድ መንገድ ላይ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ካርቡራተሩን ይከፍታል፤ ሌላው የዘይት ፓምፑን ይስባል። ሁለቱ እኩል ካልተጓዙ ፒስተኑ ደርቆ ሲሊንደሩን ይነክሳል። እኛ ፓምፑ ላይ ያለችውን ምልክት እንኳ አላየንም። ጥቂት ኪሎ ሜትር ብንጨምር የሰውየውን ገንዘብ አቃጥለንለት ነበር። ይህን ለሐኪሙ ለመንገር ሁለት ቀን ፈጀብን።

የባጃጁም በዚሁ ምክንያት ቀረ። ደግሞም እሱ የሚሠራው ለባለ አራት ምት ሞተር ነው። ያ ሞተር በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ነው አየር የሚስበው፤ የእኛው በየዙሩ ይስባል። መርፌውና ቀዳዳዎቹ የተቀረጹት ለሌላ ትንፋሽ ነው። አዲስ መሆኑ አይጠቅመንም።

ስለዚህ አሮጌውን 24 አነሣን። አሮጌ ሲገዛ የሚታይ ነገር አለ። ጋዝ ሲሰጥ ወደ ላይ የሚወጣውን ፒስተን መሳይ ነገር ነቅነቅ ማድረግ፤ ብዙ ከተንቋቋ በልቷል፥ ሚኒሞው አይረጋም። ተንሳፋፊውን ሙቅ ውኃ ውስጥ መንከር፤ አረፋ ካወጣ ተቀዷል። ከሞተሩ ጋር የሚገጥመውን ፊት መስተዋት ላይ ማስቀመጥ፤ ከተወላገደ አየር ይሰርቃል። የእኛው ትንሽ ይንቋቋል፤ ሌላው ደህና ነው። ጄቷን ግን በሽቦ አትጎርጉሩ። ናስ ለስላሳ ስለሆነ ቀዳዳዋ ይሰፋል፤ ቁጥሯም ውሸት ይሆናል። በቤንዚን ዘፍዝፎ በጎማ መንፊያ አየር መንፋት ይበቃል።

አሁን ወደ ቁጥሯ። ጭሮ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከፍታ ላይ አየር ይሳሳል። ጅቡቲ ወደብ ላይ 100 ኪሎ አየር የሚይዝ ቦታ እዚህ 83 ወይም 84 ኪሎ ነው የሚይዘው። ቤንዚኑ ግን በዚያ ልክ አይቀንስም፤ ስለዚህ ቅልቅሉ ቤንዚን ይበዛበታል። እንደ ስሌቱ ለባሕር ዳርቻ ልክ የሆነች ጄት ለጭሮ ከመቶ 8 ወይም 9 መቀነስ አለባት። ለሚኤሶ፥ ከፍታዋ 1,300 ሜትር ገደማ ስለሆነ፥ 6 ቢቀነስ ይበቃል።

ሐጂ ስሌት አልፈለጉም፤ ካንዴላ አስፈቱን። ጋዙን እስከ መጨረሻው ሰጥቶ ዳገት መውጣት፤ ከዚያ ፍሪሲዮን ይዞ ሞተሩን ባንድ ጊዜ ማጥፋት፤ ካንዴላውን ፈትቶ ማየት። ጥቁርና ጥላሸታም ከሆነ ቤንዚን በዝቷል። ነጭ አመድ ከመሰለ አንሷል። ወተት የበዛበት ቡና ከመሰለ ልክ ነው። ሁልጊዜ ከትልቁ ቁጥር ጀምሮ ወደ ታች መውረድ ነው። ጥላሸት ይጠረጋል፤ የቀለጠ ፒስተን አይጠረግም።

በ130 ጀመርን፤ ጨሰ፥ ዳገት ላይ ተነጫነጨ። 125 ላይ ተሻለው። በ120 እንደ ወፍ በረረ። እኛ «በቃ፥ 120 ነው» አልን። ሐጂ ወደ ሐኪሙ ዞረው፥ «ነገ የት ነው የምትሄደው?» አሉት።

«ሚኤሶ።»

«እንግዲያው 125 ይግባ።»

መጽሐፍ ይዘን ሳለ ይህ እንዴት እንዳልታየን ይገርመናል። ለጭሮ ልክ ያደረግነው ወደ ሚኤሶ ሲወርድ ወፍራሙ አየር ይገባል፤ ቤንዚኑ ያንስበታል፤ ሞተሩ ይግላል። ለሚኤሶ ልክ የሆነው ግን ጭሮ ሲወጣ ትንሽ ቢጨስ ነው። ልዩነቱ የአንድ ቁጥር ያህል ነው፤ ግን ሞተሩ የሚስተካከለው ለሚወርድበት ዝቅተኛ ቦታ ነው። ከዚያ በኋላ የገጠሙበትን ዙሪያ ሐጂ ወፍራም ዘይት ቀቡት። የሞተሩ ድምፅ ቢለወጥ አየር እየሰረቀ ነው ማለት ነበር፤ አልተለወጠም። የፓምፑንም ምልክት እኛው አይተን አስተካከልን፤ ሁለት ጊዜ አየን።

በማግስቱ ሐኪሙ ሚኤሶ ወርዶ ማታ ተመለሰ። በረዶው ሣጥኑ ውስጥ ገና ይንኳኳ ነበር። ካንዴላው ቡናማ ነው። ሚኒሞው እንደ ፈራነው አይረጋም፤ ቆሞ ሲጠብቅ ጋዝ ነካ ነካ ማድረግ አለበት። ትርፏን ባለ 120 ጄት በላስቲክ ጠቅልሎ ወንበሩ ሥር አስቀመጣት፤ በላዩም «ለደጋ» ብሎ ጽፎበታል።