የአሮጌ ጠመንጃ ዋጋ ከየት ይመጣል?

የአሜሪካ መንግሥት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ኤም 1 ካርባይን ለተባለው አንድ አጭር ጠመንጃ የከፈለው 45 ዶላር ገደማ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1963 ደግሞ ትርፍ ሆኖ የተከማቸውን ለብሔራዊ የጠመንጃ ማኅበር አባላት በ20 ዶላር ሸጠ። ያ 20 ዶላር በዋጋ ንረት ቢሰላ ዛሬ ከ200 ዶላር ብዙም አይርቅም። በሰብሳቢዎች ገበያ ግን ተራው ካርባይን እንኳ ከ1,000 ዶላር በላይ ያወጣል፤ ለክብር ስጦታ የተሠራው ሲሆን ዋጋው ብዙ እጥፍ ነው። ልዩነቱ ከየት መጣ?

ከቁጥሩ ማነስ ነው እንዳንል፣ እስከ 1945 ድረስ ከ6 ሚሊዮን በላይ ተመርቷል። ዋነኛ አምራቾቹ አሥር ኩባንያዎች ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ ከጦርነቱ በፊት ጠመንጃ ሠርተው አያውቁም። አይቢኤም አንዱ ነው። የጽሕፈት መኪና ሠሪው አንደርውድና የቺካጎው የጁክ ቦክስ ፋብሪካ ሮክ-ኦላም ይገኙበታል።

እጥረቱ የተፈጠረው ከጦርነቱ በኋላ ነው። ጦር ሠራዊቱ ካርባይኖቹን ወደ ጥገና ማዕከላት አስገብቶ አስፈታቸው። የአንዱ ኩባንያ በርሜል በሌላው ሰደፍ ላይ ተገጠመ፤ የቀድሞው ማነጣጠሪያ በሚስተካከል ተቀየረ፤ የሳንጃ መያዣም ተጨመረ። ለወታደር ይህ ማሻሻያ ነበር፤ ለዛሬው ሰብሳቢ ግን ጉድለት ነው። ከፋብሪካ እንደወጣ የቀረው ጥቂት ነው፤ ገዢ የቱንም ያህል ዋጋ ቢጨምር አቅርቦቱ በአንድ እንኳ አያድግም።

ከጥቂቱም ጥቂት የሆነው የሮክ-ኦላ የስጦታ ካርባይን ነው። ኩባንያው ያመረተው 228,000 ገደማ፣ ማለትም ከጠቅላላው 4 በመቶ የማይሞላ ነው። ከዚህ ውስጥ ለኃላፊዎቹ ብሎ ጥቂቶችን ለብቻ አሠራ። በሠራዊቱ ደብዛዛ ግራጫ ቀለም ፋንታ ብረታቸው ተወልውሎ እንዲያብረቀርቅ ተደረገ። ሲተኮስ ከተራው የሚለየው ነገር የለም፤ ገዢው የሚከፍለው ለማን፣ መቼና ለምን እንደተሠራ በእርግጠኝነት ስለሚታወቅ ነው።

ችግሩም ያለው እዚሁ ላይ ነው። ብረት ማስወልወልም ሆነ ሐሰተኛ ማኅተም መምታት ከባድ አይደለም። የምጣኔ ሀብት ሊቁ ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ ሻጭ የሚያውቀውን ገዢ ካላወቀ ገዢው ሁሉንም በጥርጣሬ ያያል፤ ደህናውም ዕቃ በመጥፎው ዋጋ ይመዘናል። ስለዚህ ጠንቃቃ ሰብሳቢ ጠመንጃውን ፈትቶ በየክፍሉ የተመታውን የአምራች ምልክት ከመለያ ቁጥሩ ጋር ያስተያያል። ከሁሉ በላይ የሚፈልገው ግን ከመጀመሪያው ባለቤት እስከ ዛሬው ሻጭ ሳይቋረጥ የመጣ ወረቀት ነው። ሰነዱ የጎደለው ጠመንጃ፣ እውነተኛ ቢሆን እንኳ፣ እንደ ተጠርጣሪ ይሸጣል።

ጉዳዩ እኛንም ይነካል። የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ኮሪያ ላይ ይህን ካርባይን ይዘው ተዋግተዋል፤ በአሜሪካ ወታደራዊ እርዳታም ወደ አገራችን ገብቷል። ባለፉት ዓመታት ከኢትዮጵያ የወጡ አሮጌ ካርባይኖችና ሌሎች ጠመንጃዎች ለአሜሪካ ሰብሳቢዎች ሲሸጡ ታይቷል። የአሜሪካ ሕግ አስመጪው ምልክቱን በጠመንጃው ላይ እንዲመታ ያስገድዳል፤ ይህ ምልክት በሰብሳቢዎች ዘንድ ዋጋ ይቀንሳል። ያን ሊያካክስ የሚችለው የታወቀ ታሪክ ብቻ ነው። የትኛው ክፍል እንደያዘው፣ የት እንደዘመተ በሰነድ የተረጋገጠ ካርባይንና በጅምላ ተቆጥሮ የወጣ ካርባይን በአንድ ገበያ አንድ ዋጋ አይኖራቸውም።

በጅምላ የሚሸጥ የጅምላ ዋጋ ያገኛል፤ ለይቶና አጥንቶ የሚሸጠው ደግሞ ልዩነቱን ይወስዳል። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ትልቁ ትርፍ ያለው መለየቱ ላይ ነው፤ እሱን ሥራ ለባዕድ ነጋዴ መተው በገዛ ታሪካችን ሌላው እንዲያተርፍ መፍቀድ ነው። ስለዚህ ማንኛውም መሥሪያ ቤት አሮጌ ንብረት ከማስወገዱ በፊት፣ ጠመንጃም ይሁን የባቡር ዕቃ፣ የታሪክ ባለሙያ ሊያየው ይገባል። መለያ ቁጥሩ ከግምጃ ቤት መዝገብ ጋር ይመሳከር፤ ለሙዚየም የሚገባው ይለይ፤ ለሽያጭ የሚቀርበውም ከነሰነዱ በጨረታ ይቅረብ። ለዚህ የሚጠፋው የጥቂት ባለሙያዎች ደመወዝና ጊዜ ነው፤ አንዴ ከመዝገቡ የተለየን ዕቃ ታሪክ ግን በኋላ በምንም ገንዘብ መልሶ መግዛት አይቻልም።