የባሩድ ልክ፦ ከውጅግራ ቀለህ እስከ ኤሌክትሮኒክ መመጠኛ

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የውጅግራ ጥይት ገንዘብ ነበር። ጠገራ ብር ለትንሽ ሸመታ ስለሚከብድ በብዙ ገበያ ዝርዝሩ በአሞሌ ጨውና በጥይት ይሰጥ ነበር። ጥይት የሚቀበል ሰው ናሱን ማገላበጥ፣ እርሳሱ መጥበቁን በጣቱ መሞከር፣ ከግርጌው ያለችው ማቀጣጠያ አለመመታቷን ማየት ይችላል። ውስጡን ግን ማየት አይችልም። ባሩዱ ስንት እንደሆነ የሚያውቀው የሞላው ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ካወቀ።

ይህ ዳሰሳ የሚከተለው ያንን የማይታይ ልክ ነው። ዛሬ በአሜሪካና በአውሮፓ ጥይታቸውን ራሳቸው የሚሞሉ አዳኞችና ዒላማ ተኳሾች ብዙዎቹ ሥራውን ለኤሌክትሮኒክ ባሩድ መመጠኛ ትተውታል። የሚፈልጉትን ቁጥር ይጽፉለታል፤ ማሽኑ ባሩዱን እያንጠባጠበ፣ እየመዘነ፣ ሲሞላ ያቆማል። በእኛ አገር ተራ ሰው የሚገዛው ዕቃ አይደለም፤ ወደ ምክንያቱ ኋላ እመለሳለሁ። ሆኖም ሆዱ ውስጥ ያለው ሚዛን ከአዳማ ወርቅ ቤትና ፋርማሲ ሚዛን ጋር አንድ ዘር ነው። አዳማ አቅራቢያ ሶደሬ ላይ ቢቀመጥ ምን እንደሚገጥመው ማሰብ ደግሞ ከሻጮች ካታሎግ ይልቅ ስለ ማሽኑ ብዙ ያስተምራል።

ከውጅግራ እንጀምር። ባሲል ግራ የተባለ መኮንን ያሻሻለው፣ የፈረንሳይ ጦር እ.ኤ.አ. በ1874 የታጠቀው ጠመንጃ ነው። የጥይቱ እርሳስ 25 ግራም፣ ባሩዱ 5.25 ግራም ይመዝናል። በአገራችን ልክ ሲሰላ፣ ወቄት የአንድ ጠገራ ብር ክብደት፣ ማለትም 28 ግራም ገደማ ስለሆነ፣ አንድ ወቄት ባሩድ አምስት ጥይት ሞልቶ ትንሽ ይተርፈዋል። ወርቅ በወቄት ሲመዘን በኖረበት አገር ባሩድ የሚለካው ግን በቀንድ፣ በስፍርና በዓይን ግምት ነበር። ያም ብዙ አላስቸገረም። ከድኝ፣ ከከሰልና ከአፈር ከሚጣራ ጨው የሚቀመመው ጥቁር ባሩድ ስሕተትን ይታገሣል። ቀለሁ ራሱ ልክ ነው፤ እስከሚችለው ይሞላል፣ ከዚያ በላይ አይገባም።

ስለዚህ የተተኮሰ ቀለህ አይጣልም ነበር። ይለቀማል፣ ማቀጣጠያው ይተካል፣ እርሳስ ቀልጦ ይፈስለታል፣ ባሩድ ይሞላል። በአድዋ ዘመን የነበረው ሠራዊት ውጅግራም፣ ሬሚንግተንም፣ ሰናድርም፣ ቬተርሊም ታጥቆ ስለነበር የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንም፤ ቀለህ መቆጠቡ የግድ ነበር። ከ1928ቱ የጣሊያን ወረራ በፊት ብሪታንያና ፈረንሳይ የጦር መሣሪያ እንዳይሸጥልን ሲያግዱ፣ ኋላም አርበኛው በዱር ሲከርም፣ ባዶ ቀለህ እንደገና ተፈላጊ ሆነ።

ነገሩን የቀየረው ፖል ቪዬይ የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት ነው። እ.ኤ.አ. በ1884 ጭስ አልባውን ባሩድ ሠራ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ እኛ ለበን ያልነው ጠመንጃ በዚሁ ባሩድ ይተኩስ ጀመር። አዲሱ ባሩድ ክብደት ለክብደት ሲነጻጸር ከጥቁሩ ሦስት እጥፍ ገደማ ጉልበት አለው። ጥቂቱ ስለሚበቃ ብዙ ጊዜ ቀለሁን አይሞላም። አደጋው እዚህ ላይ ነው፤ ጥቁሩን ሲሞላ የኖረ እጅ ጭስ አልባውን በዚያው ስፍር ቢሰፍረው ጠመንጃው በተኳሹ ፊት ሊፈነዳ ይችላል። በአንዳንዱ ቀለህ ሁለት ጊዜ ቢጨመር እንኳ ሞልቶ ስለማይፈስ አይታወቅም። ሚዛን የግድ የሆነው ከዚህ ወዲህ ነው።

ዛሬ ጥይታቸውን ራሳቸው የሚሞሉት በአብዛኛው የሚመዝኑት በግራም ሳይሆን በግሬይን ነው። አንድ ግሬይን 64.8 ሚሊግራም ይሆናል፤ ተራው መመጠኛ የአንድ ግሬይን አንድ አሥረኛ፣ ማለትም 6.5 ሚሊግራም ያህል ለይቶ ያነባል።

ወደዚህ ልክ የሚያደርሱ መንገዶች ብዙ ናቸው። ርካሹ ማንኪያ ነው፤ በልኩ የተሠራ ትንሽ ስኒ ባሩዱ ውስጥ ነክሮ አፉን መጥረግ። ቀጥሎ እጀታው በተገፋ ቁጥር እኩል ስፍር የሚያወርድ ከበሮ አለ። የጥይት ፋብሪካዎችም በአብዛኛው ባሩድ የሚሞሉት በስፍር ነው፤ ሚዛኑ የሚመጣው ናሙና አውጥቶ ለመፈተሽ ነው። ስፍር እንደ ባሩዱ ቅርጽ ጠባዩ ይለዋወጣል። ክቡ ባሩድ እንደ ጤፍ ይፈስሳል፤ እንደ እንጨት ስንጣሪ የተቆረጠው ግን ከበሮው አፍ ላይ ይቀረቀራል፣ ሲገፉት ይቆረጣል፣ ልኩም በየጊዜው ይለያያል። ጠንቃቆቹ ስለዚህ ከልኩ ትንሽ አሳንሰው ይሰፍሩና የቀረውን በሁለት ክንድ ሚዛን ላይ በጣት እያሽከረከሩ ፍሬ በፍሬ ያሟላሉ። ትክክለኛ ሥራ ነው፤ ያሰለቻል እንጂ።

ኤሌክትሮኒኩ የመጣው ይህን መሰልቸት ለማስቀረት ነው። የአሜሪካዎቹ አር ሲ ቢ ኤስ፣ ሆርናዲና ላይማን በየስማቸው የሚሸጧቸው ማሽኖች አሠራራቸው አንድ ነው። ከላይ የፕላስቲክ ማጠራቀሚያ አለ። ከሥሩ ውስጡ ጥርስ የወጣለት ቱቦ በሞተር ይሽከረከራል፤ ባሩዱ በጥርሱ እየተገፋ ከቱቦው አፍ ወደ ሳህኑ ይወርዳል። ሳህኑ የተቀመጠበት የብረት ምሰሶ በክብደቱ ልክ በጣም ጥቂት ይጎብጣል፤ ላዩ ላይ የተለጠፈ ቀጭን ሽቦ አብሮ ይለጠጣል፣ የኤሌክትሪክ ተቃውሞውም ይለወጣል። ማሽኑ ክብደት የሚለው ይህንን ለውጥ ነው። ሞተሩ መጀመሪያ በፍጥነት ይዞራል፣ ወደ ልኩ ሲጠጋ ይዘገያል፣ መጨረሻ ላይ እየቆመ እየተነሣ ያንጠባጥባል።

አንዳንዴ የመጨረሻዋ ጠብታ አንድ ፍሬ መሆኗ ቀርቶ አንድ ጭብጥ ትሆናለች። ይህን ለማስቀረት አሜሪካውያን ባለማሽኖች አንድ ዘዴ አላቸው፤ የለስላሳ መጠጫ ቀሰም ቆርጠው ቱቦው አፍ ውስጥ ይሰካሉ፣ ፍሰቱ ይለሰልሳል። የመቶዎች ዶላር ዕቃ በቀሰም ቁራጭ ሲታረም ማየት ያስቃል፤ ይሠራል ግን።

ከእነዚህ በላይ ያለው ሌላ ዓይነት ነው። የጃፓኑ ኤ ኤንድ ዲ ኩባንያ ኤፍ ኤክስ 120 አይ የሚባለው ሚዛን ምሰሶ አያጎብጥም፤ ሳህኑ ሊወርድ ሲል በኤሌክትሮማግኔት መልሶ ይደግፈውና ለመደገፍ ያስፈለገውን የኤሌክትሪክ መጠን ያነባል። የላብራቶሪ ሚዛኖች አሠራር ነው፤ አንድ ሚሊግራም ይለያል። ኦቶ ትሪክለር የሚባለው ካናዳዊ ማንጠባጠቢያ ሲገጠምለት ፍሬ በፍሬ ይመዝናል፤ ዋጋውም ከሺህ ዶላር ያልፋል።

አሁን ማሽኑን ወደ ሶደሬ እናምጣው። ከአዳማ በስተደቡብ ምሥራቅ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርደን አዋሽ ዳር፣ ፍል ውኃው አጠገብ፣ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን መብራቱን እንሰካ። የመጀመሪያው ጠላት ሙቀት ነው። የምሰሶው ብረትም ሽቦውም በሙቀት ጠባያቸው ስለሚለወጥ፣ ጧት ዜሮ ያለው ሚዛን ቀትር ላይ ባዶ ሳህን ተጭኖበት ሌላ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። አምራቾቹ ማሽኑ በርቶ እስኪሞቅ ጠብቁ የሚሉት ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ነፋስ ነው። አዳማ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለባት በከንቱ አይደለም፤ የመጀመሪያው ምዕራፍ 51፣ ሁለተኛው 153 ሜጋ ዋት ነው። ሚሊግራም የሚለይ ሳህን ላይ ግን በበር ስንጥቅ የገባ ነፋስ እንኳ ክብደት ነው፤ ስለዚህ ክዳን ያስፈልገዋል፣ ቬንቲሌተር በበራበት ክፍልም አይሠራም። ከባድ መኪና በቤቱ ደጃፍ ሲያልፍ የሚያርገበግበው ጠረጴዛም ቁጥሩን ያስጨፍራል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ማሽኑ ዜሮውን እንደ አዲስ ይይዛል፤ ያኔ ሳህኑ ላይ ባሩድ ከነበረ ያንን ባዶ ብሎ ይቆጥረዋል። አጠገቡ የተቀመጠ ሞባይል ሲጠራም አንዳንዱ ሚዛን ይረበሻል።

ብዙ ሰው የማያስበው ግን የመሬት ስበትን ነው። ኤሌክትሮኒክ ሚዛን የሚለካው ዕቃው የሚጫንበትን ኃይል እንጂ የዕቃውን መጠነ ቁስ አይደለም። ስበት ደግሞ በየቦታው አንድ አይደለም፤ ወደ ምድር ወገብ ሲቀርቡም፣ ወደ ከፍታ ሲወጡም ይቀንሳል። መካከለኛው አውሮፓ ውስጥ ተስተካክሎ የታሸገ ሚዛን አዳማ ሲከፈት 0.3 በመቶ ገደማ አሳንሶ ያነባል። በውጅግራ ባሩድ ልክ ይህ 16 ሚሊግራም ይመጣል፣ ከሁለት አሥረኛ ግሬይን በላይ ማለት ነው። ሚዛኑ አነሰኝ እያለ ማሽኑ ይጨምራል፤ ስሕተቱ ወደ አደገኛው ጎን ነው። በከፍታ አዳማን የምትቀራረበው፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ዴንቨር ከወገቡ ስለምትርቅ ልዩነቱ እዚያ 0.1 በመቶ አካባቢ ብቻ ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ከሚዛኑ ጋር የሚመጣውን የታወቀ ክብደት ጭኖ እዚያው ቦታው ላይ ማስተካከል። ወርቅ ቤቶቻችንም የሚያስፈልጋቸው ይኸው ነው። አዲስ አበባ ያለው የሥነ ልክ ኢንስቲትዩት ሥራ ለተራው ሰው ረቂቅ ቢመስልም በመጨረሻ ወደዚህ ይወርዳል።

ይሁንና ሶደሬ ላይ ይህን ማሽን የሚሰካ ሰው አይገኝም፤ መገኘትም የለበትም። በኢትዮጵያ ጥይት መሥራት የመንግሥት ሥራ ነው፤ በአምቦ አካባቢ ያለው የሆሚቾ ፋብሪካ ለዚያ የተቋቋመ ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከመውጣቱ በፊትም የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 481 ያለ ፈቃድ መሣሪያና ጥይት መሥራትን ከንግዱ ጋር አብሮ ይቀጣ ነበር። ሕጉ ባይኖርም ጥቅሙ አይታየኝም። በአገሩ የተሠራጨው የክላሽ ቀለህ በአብዛኛው የብረት ነው፤ እንደ ናስ ተለጥጦ አይመለስም፣ የግርጌው አሠራርም የተተኮሰችውን ማቀጣጠያ በቀላሉ ገፍቶ ለማውጣት አይመችም። የውጅግራን ቀለህ ደጋግሞ የሞላው ዘመን ከናሱ ጋር አልፏል።

ማሽኑ ራሱ ባይመጣም የመጠነው ባሩድ ግን ይመጣል። ከስምጥ ሸለቆው በስተምሥራቅ፣ በአርሲና በባሌ ደጋ፣ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የሌለው የደጋ አጋዘን ይኖራል። ሙኔሳ ኩኬን በመሰሉ ቁጥጥር የሚደረግባቸው የአደን ክልሎች የውጭ አዳኝ በዱር እንስሳት ባለሥልጣን ፈቃድና በኮታ ያድናል። ጠመንጃውን ይዞ ይመጣል፣ ጥይቱንም እንዲሁ። ልቅ ባሩድ በመንገደኛ አውሮፕላን አይጫንም፤ የተሞላ ጥይት ግን በዓለም አቀፉ የአየር መንገዶች ደንብ በሰው እስከ 5 ኪሎ ይፈቀዳል። ስለዚህ የመመዘኑ ሥራ የሚያልቀው ቴክሳስ ወይም ባቫርያ ውስጥ፣ አዳኙ ቤት ነው።

ያ አዳኝ ውዱን ማሽን ይፈልጋል ወይ? እኔ አይመስለኝም። በመካከለኛ የአደን ጥይት አንድ አሥረኛ ግሬይን የእርሳሱን ፍጥነት የሚለውጠው በሰከንድ ሁለት ሜትር ቢሆን ነው። ሁለት መቶ ሜትር ላይ የቆመ አጋዘን ዘንድ ይህ ከምንም አይቆጠርም፤ ዳገት ወጥቶ የሚያለከልክ ተኳሽ እጁ የሚያመጣው ስሕተት ይበልጠዋል። ልዩነቱ የሚታየው አንድ ሺህ ሜትር ላይ ወረቀት ለሚመቱ ተወዳዳሪዎች ነው፤ ሺህ ዶላሩ ለእነሱ ተገቢ ነው።

ከመግዛት ይልቅ አጠቃቀሙ ብዙ ጥፋት ያመጣል። ጠረጴዛ ላይ ከአንድ ዓይነት በላይ ባሩድ አይቀመጥም፤ ሁለት ባሩድ ተቀላቅሎ ማጠራቀሚያው ውስጥ ከገባ የትኛውም ሚዛን አይለየውም፣ ክብደቱ ትክክል ሆኖ ጉልበቱ ሌላ ይሆናል። ሥራው ሲያበቃ የተረፈው ወደ ራሱ ቆርቆሮ ይመለሳል፤ አንዳንዱ ባሩድ ሲያድር ፕላስቲኩን ይበላዋልና። ልኩ የሚወሰደው ከባሩዱ አምራች ሰንጠረዥ ነው፣ ከጓደኛ አይደለም። ሚዛኑ የሚፈተሸውም ከማሽኑ ጋር በሚመጣው ማስተካከያ ክብደት ብቻ ሳይሆን ሊመዝን ለተፈለገው ልክ በሚቀርብ ትንሽ ክብደት ነው፤ ላይኛው ላይ ትክክል የሆነ ሚዛን ታችኛው ላይ ሊሳሳት ይችላል።

ዴንቨር ላለው ወገናችን በፈቃድና በሕጉ መሠረት ይህን ሙያ ለሚሞክር የምመርጥለት መካከለኛውን ማሽን፣ የክብደት መፈተሻ ስብስብና ከሁሉ በላይ አንድ አሮጌ ሁለት ክንድ ሚዛን ነው። ሁለት ክንዱ ክብደትን ከክብደት ጋር ስለሚያስተያይ መብራትም ስበትም አያውከውም፤ ከዴንቨር አንሥቶ ሶደሬ ቢያስቀምጡት ያንኑ ቁጥር ይላል። ኤሌክትሮኒኩ በየመሐሉ የሰጠውን ባሩድ በእሱ ደግሞ መመዘን የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።