የመለማመጃው ኳስና የመጫወቻው ኳስ
የጎልፍ ልምምድ እንደ ፊዚክስ ሙከራ ሲታይ

ጎልፍ በአገራችን ጥቂት ሰዎች ብቻ የሚጫወቱት ስፖርት እንደ መሆኑ መጠን፣ በሳይንስ መጽሔት ላይ ስለ ጎልፍ ኳስ መጻፍ ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ሆኖም በገና ጨዋታ ሩርን በዱላ መትቶ የሚያውቅ ሰው የነገሩን መሠረት ያውቀዋል። ልዩነቱ የጎልፍ ተጫዋች የሚታገለው ከተጋጣሚ ቡድን ጋር ሳይሆን ከርቀት ጋር መሆኑ ነው። ትንሿን ኳስ በተቻለ መጠን በጥቂት ምት ከመነሻዋ አንሥቶ በሩቅ ወዳለች ጉድጓድ ማስገባት ይጠበቅበታል። ለዚህም እስከ 14 የሚደርሱ ዱላዎችን ይይዛል፤ እያንዳንዱ ዱላ ኳሱን የሚልክበት ርቀት የተለያየ በመሆኑ፣ «በዚህ ዱላ ይህን ያህል ሜትር» የሚል ሰንጠረዥ በአእምሮው ወይም በደብተሩ ሊኖረው ግድ ነው።

ለዶክትሬት ትምህርት በኤድንብራ በቆየሁባቸው ዓመታት፣ በአንድ ላቦራቶሪ አብሮኝ ይሠራ የነበረ ስኮትላንዳዊ ጓደኛዬ እንዲህ ያለ ሰንጠረዥ ነበረው። በሙከራ ፊዚክስ የሠለጠነ ሰው ስለ ነበር ሥራውን እንደ ወጉ ነበር የሠራው። በየሳምንቱ ወደ አንድ የመለማመጃ ሜዳ እየሄደ፣ በእያንዳንዱ ዱላ ሃምሳ ጊዜ እየመታ፣ ኳሱ ያረፈበትን ርቀት እየመዘገበ አማካዩን አወጣ። በ7 ቁጥር ዱላ የደረሰበት አማካይ 130 ሜትር ነበር። ቅዳሜ ወደ እውነተኛው ሜዳ ወጥቶ፣ ከጉድጓዱ 130 ሜትር ርቆ በዚያው ዱላ ሲመታ ግን ኳሱ ጉድጓዱን አልፎ፣ በዙሪያው ያለውን አጭር ሣርም ተሻግሮ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባ። አንድ ጊዜ ቢሆን ባልከፋ፤ በዚያ ቀን አራት ጊዜ ተደገመ። ሰኞ ዕለት ደብተሩን ይዞ መጣና «ስሌቴ የቱ ላይ ነው የተሳሳተው?» ሲል ጠየቀኝ። ስሌቱ ላይ ምንም ስሕተት አልነበረም። የለካበት ኳስ ግን የተጫወተበት ኳስ አልነበረም።

ሚዛኑ ሲዋሽ

በላቦራቶሪ የሠራ ተማሪ ሁሉ የልኬት ስሕተት ሁለት ዓይነት መሆኑን ያውቃል። አንደኛው የዘፈቀደ ስሕተት ነው። ይህ አንዴ ወደ ላይ አንዴ ወደ ታች ስለሚያጋድል፣ ልኬቱ በተደጋገመ ቁጥር እርስ በርሱ እየተጣፋ ይሄዳል። ከ50 ልኬቶች የተገኘ አማካይ፣ ከአንድ ነጠላ ልኬት ጋር ሲነጻጸር የዘፈቀደ ስሕተቱ ሰባት እጅ ያህል የጠበበ ነው። ሁለተኛው ሥርዓታዊ ስሕተት ሲሆን በመደጋገም አይጠፋም። የባለሱቁ ሚዛን በኪሎ ሃምሳ ግራም የሚያጎድል ከሆነ፣ ያንኑ አንድ ኪሎ ቡና አሥር ጊዜም ሆነ ሺህ ጊዜ ብንመዝነው ሃምሳ ግራሙ እንደ ጎደለ ይቀራል። መደጋገሙ እንዲያውም ሌላ ጣጣ ያመጣል፤ ቁጥሮቹ እርስ በርሳቸው ስለሚስማሙ በተሳሳተው ውጤት ላይ ያለን እምነት ይጠነክራል።

ጓደኛዬ ላይ የደረሰውም ይኸው ነው። ሃምሳውን ምት በመቶ ቢተካው የተሳሳተውን ርቀት በበለጠ እርግጠኝነት ከማወቅ በቀር የሚጠቅመው ነገር አልነበረም። ሰንጠረዥ የማይጽፍ ተጫዋችም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም፤ ክንዱና ዓይኑ በየምቱ የሚያዩትን ውጤት ሳይጽፉ ይመዘግባሉና።

ለመሆኑ ሁለት ነጭ ኳሶች ምን ያህል ይለያያሉ?

የጨዋታው ደንብ የኳሱ ክብደት ከ45.93 ግራም እንዳይበልጥ፣ ስፋቱም ከ42.67 ሚሊ ሜትር እንዳያንስ ያዛል። በዚህ ወሰን ውስጥ ግን ሠሪው ብዙ ነጻነት አለው። ብዙዎቹ የመለማመጃ ሜዳዎች ኳሶቻቸውን የሚመርጡት በጥንካሬያቸው ነው፤ አንድ ኳስ ብዙ ሺህ ጊዜ ተመትቶ እንዳይሰነጠቅ ልባሱ ጠጣር ይደረጋል። አንዳንዶቹ ሜዳዎች ጠባብ በመሆናቸው፣ ኳሱ ከአጥር አልፎ መንገደኛ እንዳይመታ ሲባል ሆን ተብሎ አጭር ርቀት እንዲበር የተሠራ ኳስ ይጠቀማሉ። በዚህ ላይ እርጅናው፣ ጭቃው፣ የልዩ ልዩ ፋብሪካ ኳሶች በአንድ ቅርጫት መደባለቃቸው ይጨመራል።

በመጀመሪያ ግጭቱን እንመልከት። ዱላና ኳስ ተነካክተው የሚቆዩት ለግማሽ ሚሊ ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። በዚህች ቅጽበት የጎልፍ ኳስ እንደ ሊጥ ተጨፍልቆ መልሶ ይነፋል። ሲነፋ የተጨፈለቀበትን ጉልበት ምን ያህሉን እንደሚመልስ የሚገልጸው ቁጥር የንጥረት መጠን ይባላል። የዱላው ራስ 200 ግራም፣ ፍጥነቱ በሰከንድ 45 ሜትር፣ ኳሱ 46 ግራም ነው እንበል። የንጥረት መጠኑ 0.83 ቢሆን፣ በእንቅስቃሴ መጠን ጥበቃ ሕግ መሠረት ኳሱ የሚነሣው በሰከንድ 67 ሜትር ያህል ይሆናል፤ አንባቢ ራሱ ሊያሰላው ይችላል። ይህ ቁጥር ወደ 0.78 ቢወርድ ፍጥነቱ ወደ 65 ይወርዳል። የሁለት ሜትር በሰከንድ ልዩነት ለዓይን አይታይም፤ ኳሱ ሲያርፍ ግን ልዩነቱ ከአምስት እስከ አሥር ሜትር ይሆናል።

የፕሮፌሰር ቴት ጥብጣብ

ከግጭቱ በኋላ ያለው ታሪክ ይበልጥ ያስገርማል። ለምን እንደ ሆነ ለመረዳት ወደ 19ኛው ክፍለ ዘመን ኤድንብራ መመለስ ይጠቅማል። ፒተር ገትሪ ቴት (እ.ኤ.አ. 1831–1901) በዚያ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስን ያስተምር የነበረ ሊቅ ሲሆን፣ ለጎልፍ የነበረው ፍቅር ልክ አልነበረውም። ልጁ ፍሬዲ እ.ኤ.አ. በ1896 እና በ1898 የብሪታንያ አማተር ሻምፒዮን የሆነው ተጫዋች ነው። አባትየውን ያስጨነቀው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ በጥሩ ሁኔታ የተመታ ኳስ በስበትና በአየር ግትያ ብቻ ከሚሰላው ጊዜ በላይ አየር ላይ የሚቆየው ለምንድን ነው? ቴት በኳሱ ላይ ረጅም ቀጭን ጥብጣብ አስሮ ካስመታ በኋላ የጥብጣቡን ጥምዝምዝ ቆጠረ። ኳሱ ወደ ኋላ በከፍተኛ ፍጥነት እየተሽከረከረ እንደሚሄድ በዚህ አረጋገጠ። ወደ ኋላ የሚሽከረከር ኳስ አየሩን ወደ ታች ስለሚገፋ፣ አየሩ በበኩሉ ኳሱን ወደ ላይ ያነሣዋል። ይህ ዛሬ የማግነስ ውጤት ተብሎ ይታወቃል። በሰከንድ 70 ሜትር በሚጓዝ ኳስ ላይ ይህ አንሺ ጉልበት ከኳሱ ክብደት ሊበልጥ ይችላል፤ ስለዚህ ኳሱ በጉዞው መጀመሪያ ላይ የሚሄደው እንደ ተወረወረ ድንጋይ ሳይሆን እንደ ክንፍ ነው።

በዚያው ዘመን የነበሩ ተጫዋቾች ያስተዋሉት ሌላ ነገርም ነበር። ጉታ ፐርቻ ከተባለ የዛፍ ሙጫ የሚሠራው ልሙጥ ኳስ አዲስ ሳለ ቶሎ ይወድቃል፤ በዱላ ብዛት ተፈጋፍጎ ሲያረጅ ግን ርቆ ይበራል። በዚህ የተነሣ አዲሱን ኳስ አስቀድሞ በመዶሻ መጠቅጠቅ ልማድ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1905 እንግሊዛዊው ዊልያም ቴይለር በጉንጭ ላይ እንደሚታየው ስርጉድ ያሉ ትናንሽ ጉድጓዶች ያሉበትን ኳስ የፈጠራ መብት ጠየቀበት። ዛሬ አንድ ኳስ በአብዛኛው ከ300 እስከ 400 የሚደርሱ ስርጉዶች አሉት።

የስርጉዶቹ ሥራ ይህ ነው። ኳሱን ተጠግቶ የሚፈስሰው ስስ የአየር ንብርብር በልሙጥ ኳስ ላይ ገና በወገቡ ላይ ይላቀቅና ከኋላው ሰፊ የተረበሸ አየር ይተዋል፤ በዚያ ስፍራ ግፊቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ኳሱ ወደ ኋላ ይሳባል። ስርጉዶቹ ንብርብሩን አስቀድመው ስለሚያናውጡት ኳሱን ተጣብቆ ወደ ኋላ ራቅ ብሎ ይላቀቃል፤ የተረበሸው አየርም ይጠብባል። በዚህ ፍጥነት የልሙጥ ኳስ የግትያ መጠን 0.5 ያህል ሲሆን ስርጉድ ያለው ኳስ 0.25 ገደማ ነው። እንግዲህ የመለማመጃ ኳስ ስርጉዶቹ ተፍቀው ወይም ጭቃ ሞልቷቸው ሲበር፣ በከፊል ወደ ጉታ ፐርቻው ዘመን ተመልሷል ማለት ነው።

የእግር ኳስ ወዳጆች ነገሩን ከእ.ኤ.አ. 2010ሩ የደቡብ አፍሪካ የዓለም ዋንጫ ያስታውሱታል። ጃቡላኒ የተባለው ባለ 8 ቁራጭ ኳስ ከቀድሞዎቹ ባለ 32 ቁራጭ ኳሶች ይልቅ ስፌት ያነሰው ስለ ነበር፣ የአየሩ ጠባይ የሚለወጥበት ፍጥነት ከቅጣት ምት ፍጥነት ጋር ገጠመ። ግብ ጠባቂዎች አምርረው ያማረሩት፣ ዓመታት የፈጀ ልምዳቸው የተገነባው በሌላ ኳስ ላይ ስለ ነበር ነው።

ልዩነቱ የሚበረታው በአጭሩ ምት ነው

ብዙ ሰው ኳስ መለዋወጥ የሚጎዳው ረጅሙን ምት ነው ብሎ ያስባል። በእኔ አመለካከት ግን ትልቁ ጉዳት ያለው በአጭሩ ምት ላይ ነው። ምክንያቱ የኳሱ ውስጣዊ አሠራር ነው። በረጅም ምት ጊዜ ኳሱ እስከ ጎማ አስኳሉ ድረስ ይጨፈለቃል፤ ስለዚህ ጥሩ አስኳል ያላቸው ሁለት ኳሶች ልባሳቸው ቢለያይም ተቀራራቢ ርቀት ሊሄዱ ይችላሉ። በአጭር ምት ግን አስኳሉ እምብዛም አይነካም፤ ሥራው ሁሉ በልባሱና በዱላው ፊት መካከል ባለው ሰበቃ ላይ ይወድቃል። ከዩሪቴን የተሠራ ለስላሳ ልባስ በዱላው ፊት ባሉት ጭረቶች ተይዞ ይሽከረከራል። ጠጣሩ ልባስ ግን ይንሸራተታል፤ ሽክርክሪቱ በደቂቃ በብዙ መቶ፣ አንዳንዴም በሺህ በሚቆጠር ዙር ያንሳል። ሰበቃው ሲያንስ ኳሱ ከፍ ብሎ ይነሣል፤ ሲያርፍ ደግሞ ሳይቆም ይንከባለላል። በጠጣር ኳስ የተለማመደ ሰው መንከባለሉን አስቦ ከጉድጓዱ ቀደም ብሎ ማሳረፍን ይማራል፤ በጨዋታው ዕለት በለስላሳው ኳስ ያንኑ ሲያደርግ ኳሱ ባረፈበት ይቆምበታል።

ደግነቱ መድኃኒቱ የሚቀለውም እዚሁ ላይ ነው። ከጉድጓዱ ሃያ ሜትር ርቆ የሚለማመድ ሰው የራሱን ኳሶች መትቶ፣ ሄዶ ለቅሞ፣ እንደገና መምታት ይችላል። በረጅሙ ምት ሜዳው ኳሶቹን በመኪና ስለሚሰበስብ ይህ አይሆንም። እዚያ ሚዛንን መጠበቅን፣ የዱላን አወራወር፣ ኳሱን በዱላው ፊት መሐል መምታትን መለማመድ ይቻላል፤ ርቀትን ግን ከዚያ መማር አይገባም። በታላላቅ የባለሙያዎች ውድድር ለተጫዋቹ በመለማመጃው ላይ የሚቀርብለት ራሱ የሚጫወትበት ዓይነት ኳስ የሆነው በከንቱ አይደለም። ተጫዋቹ ዙሩን በጀመረበት የኳስ ዓይነት እንዲጨርስ የሚያስገድድ የውድድር ደንብም በእነዚህ መድረኮች ይሠራበታል።

ጓደኛዬ በመጨረሻ ያደረገው ይህንኑ ነው። አንድ ዓይነት የሆኑ አሥራ ሁለት ኳሶች ይዞ፣ ነፋስ በሌለበት ማለዳ ወደ አንድ ባዶ መስክ ወጣና ሰንጠረዡን እንደገና ሠራው። 7 ቁጥር ዱላው 141 ሜትር ሆነ። ከዚያ በኋላ ከጉድጓዱ መሳቱን አላቆመም፤ ነገር ግን አንዴ ሲያልፍ አንዴ ሲያጥር፣ ስሕተቱ የራሱ እንጂ የኳሱ እንዳልሆነ ያውቅ ነበር።

ኳሱ አንድ ቢሆንም አየሩ አንድ ላይሆን እንደሚችል ግን መዘንጋት አይገባም። ኤድንብራ የባሕር ዳርቻ ከተማ ናት፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ከፍ ትላለች፤ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ጠረፉ በሩብ ያህል ያንሳል። ግትያው በዚያው መጠን ይቀንሳል፤ አንሺው ጉልበትም እንዲሁ። ኳሱ ርቆ ይሄዳል፤ ነገር ግን ዝቅ ብሎ ይበራል፤ ወደ ጎን መታጠፉም ይቀንሳል። ጓደኛዬ ያንን በጥንቃቄ የሠራውን ደብተር ይዞ ወደዚህ ቢመጣ፣ ያንኑ ኳስ በያንኑ ዱላ እየመታ ሌላ ዓምድ መክፈት ይኖርበታል።