የኳንተም ኮምፒውተር ስጋትና የመንግሥት ምስጢራዊ መረጃ ጥበቃ

ከአሶሳ ወደ አዲስ አበባ በኔትወርክ የሚላክ የመንግሥት ሰነድ በመንገዱ ላይ በሌላ ወገን እንዳይነበብ የሚጠበቀው በምስጠራ ነው። የኳንተም ኮምፒውተር ይህን ጥበቃ ይሰብረዋል የሚለው ስጋት በመላው ዓለም መነጋገሪያ ሆኗል። ስጋቱ መሠረት ያለው ቢሆንም ዛሬ የደረሰ አይደለም፤ ሁሉንም የምስጠራ ዓይነት በእኩል የሚመለከትም አይደለም።

እ.ኤ.አ በ1977 የተፈለሰፈው አርኤስኤ የተሰኘ የምስጠራ ስልት የተመሠረተው በቁጥሮች ብዜት ላይ ነው። 47 በ59 ሲባዛ 2 ሺህ 773 መሆኑን ማስላት ቀላል ነው። 2 ሺህ 773 የየትኞቹ ቁጥሮች ብዜት እንደሆነ መፈለግ ግን ጊዜ ይወስዳል። ቁጥሩ ከ600 በላይ አሃዞች ሲኖሩት ፍለጋው ከዛሬዎቹ ኮምፒውተሮች አቅም በላይ ይሆናል። አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ፒተር ሾር እ.ኤ.አ በ1994 የኳንተም ኮምፒውተር ይህን ስሌት በአጭር ጊዜ ሊፈታው እንደሚችል አሳይተዋል።

ለዚህ የሚበቃ ማሽን ግን እስካሁን አልተሠራም። የኳንተም ኮምፒውተር አቅም በኪዩቢት ይለካል። እ.ኤ.አ በ2019 የወጣ ጥናት 20 ሚሊዮን ኪዩቢት እንደሚያስፈልግ የገመተ ሲሆን፣ በ2025 የወጣው ደግሞ ግምቱን ከ1 ሚሊዮን በታች አውርዶታል። ጉግል በ2024 ያስተዋወቀው ዊሎ የተባለው ቺፕ የነበረው 105 ኪዩቢት ብቻ ነው። ላኪና ተቀባይ አንድ የጋራ ቁልፍ የሚጠቀሙበት ኤኢኤስ የተባለው ምስጠራም ቁልፉ ረጅም እስከሆነ ድረስ ጸንቶ እንደሚቆይ ይታመናል።

አሳሳቢው ጉዳይ ዛሬ ተጠልፎ የተቀመጠ ምስጢር ከዓመታት በኋላ ሊፈታ መቻሉ ነው። ለአንድ ወር ብቻ ምስጢር ሆኖ የሚቆይ ደብዳቤ ከዚህ የሚደርስበት ጉዳት አነስተኛ ነው። ለፋይዳ መታወቂያ የሚሰጥ የጣት አሻራና የዓይን ብሌን ምስል ግን እንደ ይለፍ ቃል አይቀየርም። በቤኒሻንጉል ጉምዝ ክልል ጉባ ወረዳ የሚገኘውና ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም የተመረቀው የታላቁ ሕዳሴ ግድብም ለበርካታ አሥርት ዓመታት አገልግሎት የሚሰጥ ነው። ግድቡ በውሃ መሞላት ከመጀመሩ በፊት በሰኔ 2012 ዓ.ም መነሻቸውን ግብፅ ያደረጉ የሳይበር ጥቃቶች መክሸፋቸውን የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት ኤጀንሲ ማስታወቁ ይታወሳል።

የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ኳንተምን ይቋቋማሉ የተባሉ 3 የምስጠራ ደረጃዎችን በነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ ያወጣ ሲሆን፣ አርኤስኤና መሰሎቹ ከ2035 በኋላ ሥራ ላይ እንዳይውሉ የሚያደርግ ረቂቅ ዕቅድም አቅርቧል። በኢትዮጵያ የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 እና የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ለዘርፉ የሕግ መሠረት ጥለዋል።

በመሆኑም መሥሪያ ቤቶች ለረጅም ዘመን በምስጢር ሊጠበቁ የሚገባቸውን መረጃዎች ከወዲሁ መለየት፣ አዳዲስ ሲስተሞች ሲገዙም የምስጠራ ስልታቸው ወደፊት ሊቀየር የሚችል መሆኑን ማረጋገጥ ይጠበቅባቸዋል። ይሁንና ጠረጴዛ ላይ ተለጥፎ የሚታይ ይለፍ ቃል ባለበት ቢሮ ምስጢር ለማውጣት የኳንተም ኮምፒውተር አያስፈልግም።