የርካሹ ኮምፒውተር እውነተኛ ዋጋ

በውጭ አገር የሚኖሩ ምእመናን ለተወለዱበት አጥቢያ ትምህርት ቤት ላፕቶፕ ለመላክ ሲያስቡ፣ ወይም ሰበካ ጉባኤው ራሱ ካሰባሰበው ገንዘብ ጥቂት ታብሌቶችን ለመግዛት ሲመክር፣ በቅድሚያ የሚነሣው ጥያቄ የአንዱ መሣሪያ ዋጋ ስንት ነው የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ከሁሉ ቀላሉ ነው። ባለፉት ሃያ ዓመታት በታዳጊ አገሮች የተደረጉት ሙከራዎች እንደሚያሳዩት ለትምህርቱ መሳካት ወይም አለመሳካት ምክንያት የሚሆነው ከመሣሪያው ዋጋ ይልቅ በዙሪያው ያለው ሥራ ነው።

የርካሽ ኮምፒውተር ሐሳብ በዓለም መድረክ ጎልቶ የተሰማው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ፕሮፌሰር ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ ለድኻ አገሮች ሕፃናት የሚሆን የ100 ዶላር ላፕቶፕ እንዲሠራ ሐሳብ አቀረቡ። በዚያው ዓመት በቱኒስ በተካሄደው የመረጃ ኅብረተሰብ ጉባኤ ላይም ከተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ከኮፊ አናን ጋር ሆነው የመጀመሪያውን ናሙና አሳዩ። «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ሕፃን» የተሰኘው ይህ ዕቅድ በ2007 ወደ ምርት ሲገባ ዋጋው ወደ 190 ዶላር ተጠግቶ ነበር። ያም ሆኖ መሣሪያው በብልሃት የተሠራ ነበር፤ የቁልፍ ሰሌዳው አቧራና ውኃ እንዳያስገባ በጎማ የተሸፈነ፣ ማሳያው በጠራራ ፀሐይ የሚነበብ፣ የሚፈጀው ኤሌክትሪክም እጅግ ጥቂት ነበር። ስሕተቱ በመሣሪያው ላይ ሳይሆን ሕፃናት ላፕቶፑን ከተቀበሉ ዘንድ ብዙውን በራሳቸው ይማራሉ በሚለው እምነት ላይ ነበር።

ይህንን እምነት በሰፊው የፈተነችው ፔሩ ናት። መንግሥቷ ከ800 ሺህ በላይ ላፕቶፖችን ገዝቶ ቅድሚያውን ለድኻ የገጠር ትምህርት ቤቶች ሰጠ። የኢንተር አሜሪካን ልማት ባንክ ተመራማሪዎች 319 የገጠር ትምህርት ቤቶችን አጥንተው በ2012 ውጤቱን አወጡ። ላፕቶፕ ባገኙትና ባላገኙት ተማሪዎች መካከል በሒሳብም ሆነ በቋንቋ ፈተና ልዩነት አልተገኘም። ተማሪዎቹ ኮምፒውተሩን መጠቀም ተምረዋል፤ በአጠቃላይ የማሰብ ችሎታ መለኪያዎችም መጠነኛ መሻሻል ታይቷል። ነገር ግን አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ኢንተርኔት አልነበራቸውም፤ መምህራኑም ላፕቶፑን ከዕለቱ ትምህርት ጋር እንዴት እንደሚያዛምዱት በበቂ ሁኔታ አልተመሩም። መሣሪያው ወደ ክፍሉ ሲገባ የማስተማሩ መንገድ እንደ ነበረ ቀረ።

ኡራጓይ ያንኑ ላፕቶፕ ይዛ በሌላ መንገድ ሄደች። «ፕላን ሴይባል» የተባለው መርሐ ግብሯ በ2007 በአንዲት ትንሽ ከተማ ተጀምሮ በ2009 በሕዝብ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ያሉትን ተማሪዎች ሁሉ አዳረሰ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እዚያም ቢሆን የፈተና ውጤት ከፍ አላለም፤ ይህን ሳይሸሽጉ መናገር ይገባል። ልዩነቱ አገሪቱ ሥራውን በዕደላ አለማቆሟ ነው። ትምህርት ቤቶቹን ከኢንተርኔት አገናኘች፤ የተበላሸውን የሚጠግን ተቋምም አደራጀች። ቀጥሎም መሣሪያው ሊሞላው የሚችል አንድ ግልጽ ጉድለት ፈለገች። ለሁሉም ክፍሎች የሚበቃ የእንግሊዝኛ መምህር አልነበረም። ስለዚህ ከ2012 ጀምሮ በሌላ ከተማ አልፎም በሌላ አገር የሚገኝ መምህር በቪዲዮ እየቀረበ፣ የክፍሉ መምህር ደግሞ በአካል ተገኝቶ ልምምዱን እየመራ፣ ሁለቱ ተባብረው ማስተማር ጀመሩ። በእኔ ግምት ከጠቅላላው ታሪክ ለአንድ አጥቢያ የሚጠቅመው ይህ ክፍል ነው፤ በቅድሚያ የታወቀው ጉድለቱ ነበርና።

ወደ አገራችንም መጥቷል። ከ2008 ጀምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ እነዚያው ላፕቶፖች በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ታድለዋል። በ2012 ደግሞ ከወንጪ ሐይቅ አካባቢና በስምጥ ሸለቆ ከሚገኘው ከወለንጪቲ አካባቢ በተመረጡ ሁለት መንደሮች፣ ማንበብ ለማይችሉና ትምህርት ቤት ላልገቡ ሕፃናት ታብሌት ተሰጠ። በየመንደሩ ያሉት ሕፃናት 20 ያህል ነበሩ። ሕፃናቱ መሣሪያውን ያለ መምህር ከፍተው በሳምንታት ውስጥ የእንግሊዝኛ ፊደላትን በዜማ ማለት መጀመራቸው በዓለም ዙሪያ ተወራ። ወሬው ሲነገር ግን ሁለት ነገሮች ብዙ ጊዜ ይዘለላሉ። አዋቂዎች በሶላር ኃይል ባትሪ መሙላትን ሠልጥነው ነበር፤ በየሳምንቱም የአጠቃቀሙን መዝገብ የያዘውን ሚሞሪ ካርድ የሚቀይር ባለሙያ ይመላለስ ነበር። ሕፃናቱ እርስ በርስ መማማራቸውም በእኛ አገር አዲስ ነገር አይደለም፤ በአብነት ትምህርት ቤት የቀደመው ተማሪ ለታናሹ ፊደል ሲያስቆጥር ኖሯል። በዚያ ግን የኔታ ከአጠገባቸው አይጠፉም።

ወደ ቋንቋው ጉዳይ ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል። ዛሬ ኢንተርኔት በሌለበት ሥፍራም ሰፊ ቤተ መጻሕፍት ማኖር ይቻላል። በ2012 በ35 ዶላር ለገበያ የቀረበው ራስፕቤሪ ፓይ የሚባለው ኮምፒውተር ከመታወቂያ ካርድ እምብዛም የማይበልጥ ሲሆን፣ ትንሽ የዋይፋይ ራውተር ከተጨመረለት በክፍሉ ላሉት ታብሌቶችና ስልኮች መጻሕፍትንና የቪዲዮ ትምህርቶችን ያድላል። ኪዊክስ የተባለው ነጻ ሶፍትዌር ዊኪፔዲያን፣ ኮሊብሪ የተባለው ደግሞ የሒሳብና የሳይንስ ትምህርቶችን ያለ ኢንተርኔት ለማስቀመጥ ያገለግላሉ። ነገር ግን የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ከ6 ሚሊዮን በላይ ጽሑፎች ሲኖሩት የአማርኛው 15 ሺህ ገደማ ብቻ ነው። የግእዝ ፊደል ከ1999 ጀምሮ በዩኒኮድ ውስጥ ስለሚገኝ ችግሩ የፊደል አይደለም፤ ያልተጻፈው ነገር ነው የጎደለው። እንግዲህ የአራተኛ ክፍል ተማሪ እንግሊዝኛውን ለማንበብ ካልደረሰ፣ በዚያ ሣጥን ውስጥ ያለው ሀብት ለእርሱ ተዘግቶ ይቆያል። መምህራኑ የሚያስተምሩበትን መጽሐፍ፣ ጥያቄዎችንና የድምፅ ቅጂዎችን በራሳቸው ቋንቋ አዘጋጅተው ሊጭኑበት ይችላሉ፤ ይህ ሥራ ጊዜ ስለሚወስድ ከመሣሪያው ግዢ በፊት ቢጀመር መልካም ነው።

ኤሌክትሪክ በሌለበት ወይም በሚቆራረጥበት ቦታ ስሌቱን በወረቀት ማስቀመጥ ይበጃል። የአንድ መካከለኛ ታብሌት ባትሪ ለመሙላት 20 ዋት ሰዓት ያህል ይበቃዋል። ሃያ ታብሌቶች በቀን አንድ ጊዜ ቢሞሉ 400፣ የሚባክነው ሲታከል 500 ዋት ሰዓት ያስፈልጋል። ባለ 150 ዋት የሶላር ሰሌዳ በጠራ ሰማይ በቀን ለአምስት ሰዓት በሙሉ ኃይሉ ቢሠራ 750 ዋት ሰዓት ይሰጣል፤ ሙቀትና አቧራ የሚቀንሱት ሲታሰብ ለተባለው ሥራ ይበቃል። በክረምት ምርቱ ያንሳል፤ ደግነቱ ያን ጊዜ ትምህርት ቤቱም ዝግ ነው። በአንጻሩ ያገለገለ የጠረጴዛ ኮምፒውተር ከነማሳያው 100 ዋትና ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል። ዐሥሩ በቀን ለሁለት ሰዓት ብቻ ቢሠሩ 2000 ዋት ሰዓት፣ ማለትም ከላይ ከተባለው አራት እጥፍ ይፈጃሉ። በነጻ የመጣው ኮምፒውተር ከተገዛው ታብሌት የሚወደደው እንዲህ ሲሆን ነው።

የኃይል ማከማቻው ባትሪም በጥቂት ዓመታት ውስጥ መለወጡ አይቀርም። ለዚህ የሚሆን ገንዘብ በሰበካ ጉባኤው ዓመታዊ በጀት ውስጥ ካልተያዘ፣ ሰሌዳው ጣራ ላይ እያለ ታብሌቶቹ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀራሉ። ቁልፉን ማን እንደሚይዝና ማን እንደሚመዘግብም በቃለ ጉባኤ መስፈር አለበት። ይበላሻል ተብሎ ከተፈራ ዕቃ ይልቅ በእጅ እየተዳሰሰ የተበላሸ ዕቃ የበለጠ አስተምሯል፤ ስለዚህ ጠባቂው አበዳሪም እንዲሆን ይሁን።

ስጦታን መመለስ በባህላችን ነውር ይመስላል። ዳሩ ግን ለጋሹ ዕቃውን ከመጫኑ በፊት ባትሪው ምን ያህል እንደሚቆይ፣ የግእዝ ፊደል በትክክል ያነብ እንደሆነ፣ መለዋወጫው በአገር ውስጥ ይገኝ እንደሆነ በደብዳቤ መጠየቅ ነውር አይደለም። ሠላሳ ላፕቶፕ ለመላክ ለተዘጋጀ ወገን፣ ዐሥራ አምስት ልኮ በቀሪው ገንዘብ የሶላር ሰሌዳና ባትሪ እንዲገዛ፣ እንዲሁም የሁለት መምህራንን ሥልጠና እንዲሸፍን የሚጠይቅ ደብዳቤ ከስሌቱ ጋር ቢደርሰው ብዙ ጊዜ በደስታ ይቀበለዋል።